የካሜራ ሌንስ በሚጠብቀው ሥራ ይፈተን

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ፥ ሁሉን እየመረመሩ መልካሙን እንዲይዙ መክሯቸዋል። ይህ ምክር ለነፍስ ነገር ብቻ ሳይሆን በገበያ ላይ ቆሞ ዕቃ ለሚመርጥ ሰውም የሚጠቅም ነው። ዛሬ የምናነሣው ስለ ፎቶግራፍ ካሜራና ስለ ሌንሱ፥ ይኸውም ብርሃንን ሰብስቦ ምስልን ስለሚቀርጸው ስለ ካሜራው ዓይን ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት፤ ከዚያም በኋላ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በዚሁ ሙያ አገለገለ። ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የተደረገው ታላቅ ሥራ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1968 ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ደሴቶች የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ። በ1973 ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችንና በአሜሪካ ሊቃውንት ኅብረት የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በየጊዜው እየሰፋ ሄዶ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀረጸ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ተቀምጠው የብዙዎቹን ዝርዝር አዘጋጁ።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፥ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ባሉት አድባራት፥ ዳዊቱ፥ ተአምሩ፥ ገድሉና ስንክሳሩ በየዕቃ ቤቱ ይገኛል። ጠላቶቹም እነማን እንደ ሆኑ ካህናቱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ ጢስ፥ የክረምት እርጥበት፥ አይጥ፥ እሳት፥ ጦርነትና ሌባ ናቸው። መጽሐፉ የጠፋ እንደ ሆነ ቃሉን የሚያስቀርልን በጥሩ ሌንስ የተነሣ ምስል ነው፤ የተሰረቀም እንደ ሆነ የማን ንብረት እንደ ነበረ ይኸው ምስል ይመሰክራል።

ታዲያ ይህን የሚያደርግ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል? በውጭ አገር ለዚህ ነገር የተለዩ የንግድ ትርኢቶች አሉ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ፎቶኪና የተባለው ትርኢት ከ1950 እስከ 2018 ሲደረግ ኖሯል፤ በጃፓንም ሲፒ ፕላስ የተባለው ከ2010 ጀምሮ በዮኮሐማ ይደረጋል። በእነዚህ ትርኢቶች ጎብኚው ሌንሱን በእጁ ይዞ ይሞክራል። ነገር ግን አዳራሹ በመብራት የደመቀ ነው፤ የሚነሣውም አበባ ወይም ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። በዚያ ብርሃን መልካም የማይመስል ሌንስ የለም። አበባ ሲነሣ የሚታየው መካከሉ ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ ሲነሣ ግን በማዕዘን ያለችው ፊደል በመካከል ካለችው እኩል መነበብ አለባት። አንዲት ፊደል የደበዘዘች እንደ ሆነ ንባቡ ይፋለሳል፤ ንባብ ከተፋለሰም ምሥጢር ይፋለሳል።

ስለዚህ ከትርኢትም ሆነ ከአዲስ አበባ ሱቅ የሚገዛ ሰው ሥራውን ይዞ ይሂድ። ደቃቅ ፊደል ያለበትን ወረቀት በግድግዳ ላይ ለጥፎ፥ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ ያንሣ፤ ምስሉንም አጉልቶ አራቱን ማዕዘን ይመልከት። ከካሜራው ጋራ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ሌንስ በሰፊው በኩል ሲያነሣ ቀጥ ያለውን መሥመር ያጎብጣል፤ ማክሮ የሚባለው፥ ለቅርብ ሥራ የተዘጋጀው ሌንስ ግን መሥመሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ምስሉን ይዞ ሄዶ በሰፊ መስኮት ለመመርመርም የራሱን ማኅደረ ትውስታ ካርድ ያምጣ።

ሻጩ ስለ ብርሃን ብዙ ይናገራል። እውነት ነው፥ ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ኤፍ 5.6 ከሚከፈተው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይንራል። ገጽ ግን አይሮጥም። ጽኑ ማቆሚያ ያለው ሰው ሌንሱን ወደ ኤፍ 8 አጥብቦ፥ ጊዜውን አስረዝሞ፥ በጨለማ ዕቃ ቤት እንኳ የጠራ ምስል ያገኛል። ስለዚህ ገንዘብ ያነሰው ደብር ከውድ ሌንስ ይልቅ ካሜራውን ወደ ታች አዘንብሎ ሊይዝ የሚችል ጠንካራ ማቆሚያ ያስቀድም። ፍላሹን ይተወው፤ ብራና ያብረቀርቃልና ፊደሉን ይሸፍንበታል። በእርሱ ፈንታ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያቁም። ካሜራው በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን ለማወቅም ትንሽ መስታወት በገጹ ላይ ያስተኛ፤ የሌንሱ ምስል በካሜራው መስኮት መካከል ከታየ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። በገጹ አጠገብ ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ይኑር።

ከተገዛም በኋላ የአገሩ ጠባይ አይዘንጋ። ክረምቱ እርጥብ ነውና በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ ስለዚህ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋራ በሚገጥም ሣጥን ይቀመጥ። በውቂያ ጊዜ አቧራውና ገለባው ይበዛልና ሌንሱን በሜዳ ላይ አይፍቱት። መብራት በሌለበት ቀበሌም ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል።

ለሹማምንት የምናሳስበው ይህ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የሜጋፒክስል ቁጥር ብቻ አይጻፍ፤ መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ይጻፍ። ርክክቡም ከመፈረሙ በፊት በመሣሪያው የሚሠራው ሰው ራሱ ይሞክረው፤ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበት በሣጥን የሚቀመጥ ካሜራ ለማንም አይጠቅምምና። ለካህናትም የምንለው፥ ያለ አስተዳዳሪውና ያለ ቄሰ ገበዙ ፈቃድ ምንም አይነሣ፤ ከተነሣው አንዱ ቅጂ በደብሩ ይቅር፥ ሌላውም በሌላ ቦታ ይጠበቅ።

የአገራችን ሴቶች ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል ያውቃሉ። አባቶቻችን ብራናውን ፍቀው፥ ቀለሙን በጥብጠው፥ ብርዑን ቀርጸው ሳይሞክሩ አንድ ገጽ አልጻፉም። እኛም የእነርሱን ጽሕፈት ለልጅ ልጅ የምናሻግርበትን መሣሪያ በዚያው ትጋት መርምረን እንያዝ።