በሐይቅና በአምባሰል የቤተሰብና የማኅበረሰብ የትምህርት ድጋፍ

የቤተሰብና የማኅበረሰብ የትምህርት ድጋፍ ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ከወላጆቹ፣ ከጎረቤቶቹና ከአካባቢው ተቋማት የሚያገኘው እገዛ ነው። ይህ ጽሑፍ ድጋፉ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ ዓመቱን ሙሉ ምን መልክ እንዳለው ያብራራል። አብዛኛው የገጠር ነዋሪ ገበሬ በመሆኑ የትምህርት ዓመቱና የእርሻው ዓመት በየወቅቱ ይጋጫሉ። ተማሪ ከክፍል የሚቀረው፣ ውሎ አድሮም ትምህርቱን የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ በሚጋጩበት ወቅት ነው። ስለዚህ ከድጋፎች ሁሉ መሠረታዊው የተማሪውን ጊዜ መጠበቅ ነው። ይህን ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ሊያደርገው ይችላል።

አካባቢው

ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከሚገኘው ሐይቅ ነው። አምባሰል ከተሁለደሬ ጋር የሚዋሰን ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ውጫሌ ናት፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል የሚጠራው በዚህች ቦታ ስም ነው። መሬቱ ከቆላ እስከ ደጋ ይደርሳል። በቆላው ማሽላ፣ ከፍ ባለው ቦታ ደግሞ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ይዘራል። ሕዝቡ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆኖ ተጎራብቶ ይኖራል።

ታሪካዊ መሠረት

በአካባቢው ተማሪን በማኅበረሰብ አቅም የማኖር ልማድ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆኖ ነበር። በዚያ ከተማሩት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። ገዳሙ ያኔ በደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ቆይቷል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የቆሎ ተማሪ ከትውልድ ቀዬው ርቆ ሲማር የሚኖረው የመንደሩ ሰው በሚሰጠው እህልና እንጀራ ነው። በእስልምናውም በኩል ወሎ የታወቁ የትምህርት ማዕከላት ነበሩት፤ ጋታና ጀማ ንጉሥ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ቁርአን፣ ፊቅህና የዓረብኛ ሰዋስው ለመማር ከሩቅ የሚመጣ ደረሳ ሸኹ ዘንድ ተቀምጦ፣ የአካባቢው ሕዝብ በሚያዋጣው ምግብ ይማር ነበር። በሁለቱም ወገን ማስተማር የመምህሩ፣ ተማሪውን ማኖር ደግሞ የሕዝቡ ድርሻ ነበር።

በዘመናዊው ትምህርት ታሪክም አካባቢው ስም አለው። የአምባሰል ጃንጥራር አስፋው ልጅ የሆኑት እቴጌ መነን በ1931 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ተማሪዎችን በክረምት ለገበሬ ፊደል አስቆጣሪ አድርጎ በመላ አገሪቱ አሰማርቷል።

የትምህርት ዓመትና የእርሻ ዓመት

የኢትዮጵያ የትምህርት ዓመት በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያበቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የእርሻው ሥራ የልጆችን ጉልበት የሚፈልግባቸው ወቅቶች አሉ። ድጋፉም እንደየወቅቱ ይለያያል።

መስከረምና ጥቅምት። ምዝገባ፣ ደብተርና ልብስ በአንድ ጊዜ ወጪ ይጠይቃሉ፤ አዝመራው ግን ገና አልተሰበሰበም፤ የብዙ ቤት ጎተራ ባዶ የሚሆነውም በዚሁ ጊዜ ነው። በቆላው ማሽላው ማሸት ሲጀምር ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀረ የዓመቱን መሠረት ያጣል። ለመስከረም የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በእቁብ ወይም ከበልግ ሰብል ሽያጭ መያዝ፣ የወፍ ጥበቃውንም ጎረቤት ለጎረቤት በተራ ማድረግ ችግሩን ያቀልላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ። የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። በወሎ ደቦና ወንፈል የቆዩ የሥራ መረዳጃ ልማዶች ናቸው። ደቦው ቅዳሜና እሑድ ወይም ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲውል ከተደረገ ተማሪው ለቤተሰቡም ይደርሳል፤ ከክፍልም አይቀርም። የአዝመራና የትምህርት ግጭት በአገር ደረጃም የታየበት ጊዜ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎች ሰብል እንዲሰበስቡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለአንድ ሳምንት ዘግቶ ነበር።

ጥርና የካቲት። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና የሚያበቃበትና የውጤት ካርድ የሚታይበት ጊዜ ነው። እህል ጎተራ ስለገባ ሠርግም ይበዛል። ለሴት ተማሪዎች ይህ አሳሳቢ ወቅት ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የጓደኛዋን ድንገተኛ መቅረት ለመምህር የምትናገር ተማሪ፣ ወላጆችን በጊዜ የሚያነጋግሩ ሽማግሌዎች ወይም የሃይማኖት አባት የአንዲትን ልጅ ትምህርት ሊያተርፉ ይችላሉ።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ። በልግ በሚዘንብባቸው ቀበሌዎች እርሻ፣ ዘርና አረም ይደራረባሉ፤ ግጦሽና ውኃ በሚያጥርበት ዓመት ደግሞ ከብት ይዞ ርቆ መሄድ አለ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎችም ሆኑ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዝግጅት የሚጠናከረው በዚህ ጊዜ ነው። የጥናት ሰዓት ከሁሉ በላይ ጥበቃ የሚያስፈልገውም አሁን ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

ወላጅ ልጁን ለመርዳት ትምህርቱን ራሱ ማወቅ አይጠበቅበትም። በቤት ውስጥ ሊደረጉ የሚችሉት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• ሥራን በሰዓት መወሰን። ከብት መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም በገጠር ቤት የማይቀሩ ሥራዎች ናቸው። ልጁ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠና ከተወሰነ ግን ሥራው ጥናቱን አይበላም። ውኃና ምጣድ ለእህት፣ ጥናት ለወንድም የሚደረግበት የሥራ ክፍፍል ሴት ተማሪዎችን በግልጽ ይጎዳል።

• ማስነበብ። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት ልጃቸው የተማረውን ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው፣ ከዚያም በራሱ ቃል እንዲነግራቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። ልጁ ሲደናቀፍ ወይም ሸምድዶ ሲናገር ያልተማረ ሰውም ይለየዋል።

• ማውራት። ተረት፣ እንቆቅልሽና የቡና ሰዓት ወግ የልጅን የቃላት ሀብት ያሰፋሉ። የገበያ ሒሳብ፣ የእህል ስፍርና የመሬት ልኬት ደግሞ ክፍል ውስጥ የተማረውን ቁጥር በሥራ ላይ ያሳዩታል።

• መከታተል። መምህርን በመንፈቅ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ማነጋገር፣ ካርድ ማየትና ልጁ በእርግጥ ክፍል መግባቱን ማወቅ መቅረትን በጊዜ ለመግታት ይረዳል።

• መብራት። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት መንደር ጥናት በኩራዝ ጭስ ውስጥ ይደረግ ነበር። አነስተኛ የፀሐይ ብርሃን መብራቶች ይህን በብዙ ቤት ቀይረዋል። መብራት ያለው ቤት የጎረቤት ልጆችንም አሰባስቦ ሲያስጠና አንዱ መብራት ለብዙዎች ይደርሳል።

ከቤት ርቀው የሚማሩ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ስለሌለ ከገጠር የሚመጡ ብዙ ተማሪዎች እንደ ሐይቅና ውጫሌ ባሉ ከተሞች ሁለትና ሦስት ሆነው ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ተመልሰው እንጀራ፣ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። ስንቅ የሚያልቅበት ቀንና የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ለእነዚህ ተማሪዎች ከፈተና ቀን አያንሱም። ገና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ያለ አዋቂ ስለሚኖሩ አከራዩ ወይም በከተማ ያለ ዘመድ እንደ ወላጅ ሆኖ መውጣት መግባታቸውን ቢያይ፣ ሲታመሙ ለቤተሰብ ቢናገር ትልቅ ድጋፍ ነው። የአንድ ቀበሌ ወላጆች ተባብረው ስንቅ በተራ ቢያደርሱ ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሑዳቸውን በመንገድ አያጠፉም።

የማኅበረሰብ ድርሻ

በወሎ እድር ብዙ ጊዜ ቅሬ ይባላል። ቅሬ ዋና ዓላማው ቀብርና ሐዘን ቢሆንም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት የሚያሰባስብ፣ አባላቱም ውሳኔውን የሚያከብሩለት ተቋም ነው። ስለዚህ ልጅን ከትምህርት ስለማስቀረት፣ ያለ ዕድሜ ስለ መዳርና ደብተር መግዛት ላቃተው ቤት ስለ መርዳት ለመነጋገር ምቹ ቦታ ነው።

በትምህርት ቤት በኩል የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አሉ። በመላ አገሪቱ የሚሠራበት የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ከአራቱ ዐቢይ ጉዳዮቹ አንዱ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው፤ ሌሎቹ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢና አመራር ናቸው። ተሳትፎው ብዙ ጊዜ በጉልበት፣ በድንጋይ፣ በእንጨትና በገንዘብ መዋጮ ይገለጻል። መዋጮ ክፍል ይሠራል፤ አጥር ያጥራል። ነገር ግን በመዋጮ ብቻ የሚገናኝ ወላጅ ልጁ ማንበብ መቻሉን ሳያውቅ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። የኅብረቱ ስብሰባ ከግንባታው ጎን ለጎን ስንት ልጅ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ሲጠይቅ ጠቀሜታው ከፍ ይላል።

የክረምት ወራት

በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ይዘጋል። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ 39 ጥናቶችን መርምረው ተማሪዎች በረጅሙ ዕረፍት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጡና ጉዳቱ በሒሳብ እንደሚብስ ገልጸዋል። በገጠር ኢትዮጵያ ክረምት የእርሻና የአረም ጊዜ ስለሆነ ሙሉ ቀን ጥናት አይጠበቅም። በቀን ግማሽ ሰዓት ማንበብና ጥቂት የሒሳብ ጥያቄ መሥራት ግን ይቻላል። ያለፈውን ዓመት መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ መዋስም ወጪ የለውም።

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሱ የአካባቢው ተወላጆች በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠታቸው በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደ ነው። የመስጊድ ቁርአን ትምህርትና የሰንበት ትምህርት ቤትም ልጆች በክረምት ከንባብ ጋር የሚቆዩባቸው ቦታዎች ናቸው። መጽሐፍ ልጆች ወዳሉበት የመውሰድ አሠራርም በአገሪቱ ተሞክሯል፤ በዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተመሠረተው የልጆች ንባብ ድርጅት በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀምሮ ነበር።

ስደትና ትምህርት

ደቡብ ወሎ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች በብዛት ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከውጭ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ለጎረቤት ልጅ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው፤ የትምህርት ፍሬ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትም ጥርጣሬውን አባብሷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በሌላ በኩል ስደቱ ራሱ ዋስትና የለውም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመልሰዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅም በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ቢያንስ የ8ኛ ክፍል ትምህርት ማጠናቀቅን ጠይቆ ነበር። ስለዚህ ልጅን እስከ 8ኛ ክፍል ማድረስ ለመቅረትም ለመሄድም የሚጠቅም መሆኑን መግለጽ ስደትን ከማውገዝ ይልቅ በወላጅ ዘንድ ሚዛን ሊደፋ ይችላል። በውጭ ያሉ ዘመዶች ከሚልኩት ገንዘብ የተወሰነውን ለታናናሾቻቸው ትምህርት ሲለዩም ስደቱ ትምህርትን ይደግፋል።

የትምህርት መቋረጥ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ አምባሰልን፣ ሐይቅንና ደሴን ደረሰ፤ በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ወድመዋልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት የርቀት ትምህርት ብዙም አልደረሰም። እንዲህ ባለ ጊዜ የቀረው ትምህርት ቤት ቤተሰብ ነው፦ ታላቅ ለታናሽ ማስጠናት፣ መጽሐፍ መዋዋስ፣ በመንደሩ ያለ መምህር ጥቂት ልጆችን ማሰባሰብ። ረጅም ጊዜ ከትምህርት የራቀ ልጅ በዕድሜ ስለሚበልጥ ተመልሶ ለመግባት ያፍራል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እጁን ይዞ የሚመልሰው ሰው ያስፈልገዋል።

የድጋፉ ወሰን

የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ መምህርን፣ የመማሪያ መጽሐፍንና ሰላምን አይተካም፤ የመንግሥትንም ኃላፊነት አያስቀርም። በጣም ደሀ የሆነ ቤት የልጁን ጉልበት የሚፈልገው ለትምህርት ግድ ስለሌለው ሳይሆን የዕለት ጉርስ ስለሚያጣ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ከመውቀስ ይልቅ በደቦ፣ በቅሬና በትምህርት ቤት ምገባ ማገዝ ልጁን ወደ ክፍል ይመልሳል። የቆሎ ተማሪውንና ደረሳውን ያኖረው ሕዝብ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ትምህርቱን ለመምህሩ ትቶ ተማሪው እንዳይራብ እህሉን አካፍሏል።