ለደጋ ቤት የሚሆን ባለ መደብ የእንጨት ማሞቂያ አሠራር

በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የሚኖር ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። በተለይ በሱሉልታ ሜዳ ማለዳ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶ የሚታይበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ሁሉም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ላይ ይገኛሉ። ብርዱ ሲበረታ ብዙው ቤተሰብ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ከሰል በማንደጃ ላይ ያቀጣጥላል፣ ጭሱ እስኪጠፋ ደጅ ያቆየዋል፣ ከዚያ ፍሙን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ወሬ የብርዱ ወራት በመጣ ቁጥር ይሰማል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ደም ለሰውነት የሚያስፈልገውን አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል። የነቃ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲሰማው ይወጣ ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይሰማው ይደክማል። ስለዚህ ጭስ መውጫ የሌለው ማናቸውም እሳት፣ ከሰልም ይሁን እንጨት፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ መኖር የለበትም።

ከሰል በማገዶ ረገድም ቢሆን የሚያዋጣ አይደለም። በተለመደው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው የእንጨቱ ሙቀት እዚያው ክምሩ ላይ ባክኖ ይቀራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ እንጦጦንና ዙሪያውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ እንደ ልብ በማይገኝበት በዛሬው ጊዜ፣ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው ይህ ብክነት በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አይጠፋውም።

በአካባቢያችን የተሻሻለ ምድጃ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ በቡራዩ የነበረው የመሠረታዊ ቴክኖሎጂ ማዕከል በዚህ ረገድ ሠርቷል። በ1980ዎቹም ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እነዚህ ግን የማብሰያ ምድጃዎች ናቸው። እኛ እዚህ የምናስረዳው ቤት ማሞቂያ ሲሆን፣ የተመሠረተውም ሮኬት ምድጃ በሚባለው ዘዴ ላይ ነው።

የዘዴው ፍሬ ነገር የሚገባው ከስሕተት ተነሥቶ ለሚያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጓቲማላ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ ሎሬና የተባለ ከጭቃና ከአሸዋ የሚሠራ ትልቅ ምድጃ ተስፋፍቶ ነበር። ኋላ ሲፈተን ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት ጉልቻ የበለጠ እንጨት የሚፈጅ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ወፍራም ጭቃ ሙቀትን የሚያግድ ሳይሆን የሚውጥ መሆኑ ነው። እሳቱን ከበው የነበሩት ግድግዳዎች ሙቀቱን ስለጠጡበት እሳቱ ቀዝቅዞ ጭስ ያበዛ ነበር። ከዚህ ትምህርት በመነሣት ላሪ ዊኒያርስኪ የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1982 የሮኬት ምድጃን ደንብ አወጡ። ይኸውም እሳቱ ሙቀት በማይውጥ ጠባብ ቦይ ውስጥ በደንብ ነድዶ ጭሱ ራሱ እስኪቃጠል ድረስ ማንም እንዳይሻማው፣ ሙቀቱ ለሥራ የሚወሰደው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ነው።

እንግዲህ ጭቃ በእሳቱ አጠገብ ሲሆን ጠላት ነው፤ እሳቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን ግን ወዳጅ ነው። ይህ ለእኛ አገር ቤት የተመቸ ነው፤ መደብ የለመደ ሕዝብ ነንና። ትኩሱ አየር በመደቡ ሆድ ውስጥ አልፎ እንዲወጣ ከተደረገ፣ መደቡ ምሽት የጠጣውን ሙቀት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሰጣል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ወለሉ ላይ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተኛ ቦይ በሸክላ ጡብ ይሠራል፤ ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። እንጨቱ የሚገባበት አፍም ይኸው ስፋት ይኖረዋል። በተኛው ቦይ ጫፍ ላይ፣ ስፋቱ ያው 15 በ15 የሆነና ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የቆመ ቦይ ይተከላል። ለቆመው ቦይ የሚሆነው ጡብ ቀላልና ቀዳዳማ መሆን አለበት። ሸክላ አፈር ከሰጋቱራ ወይም በደቀቀ ከተቆረጠ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሲተኮስ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሙቀት የሚያግደውም ቀዳዳው የያዘው አየር ነው። በጡቡ ዙሪያ ደግሞ በወንፊት የተነፋ ደረቅ አመድ ወይም ፐሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሞልቶ በቆርቆሮ ይታቀፋል። የቦዩን ውስጥ በቆርቆሮ መሥራት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያ ሙቀት ስስ ብረትን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

በቆመው ቦይ ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል ተገልብጦ ይደፋል። በርሜሉ አስቀድሞ ደጅ ላይ ባዶውን እሳት ተነድዶበት ቀለሙ መቃጠል አለበት፤ የኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት መያዣ የነበረ በርሜል ጨርሶ አይሁን። በቦዩ አናትና በበርሜሉ ክዳን መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተሰጠ አይደለም። የቦዩ ስፋት 15 በ15፣ ማለት 225 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በ5 ሲባዛ 300 ይሆናል። አየሩ ከመጣበት መንገድ የጠበበ መንገድ አያጋጥመውም ማለት ነው። ይህ ደንብ ከእሳቱ አፍ እስከ ጣራ ድረስ የጸና ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከጠበበ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። በእኛ ደጋ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ከውጭ ንድፍ የሚቀዱ ባለሙያዎች መጠኑን ማሳነስ አይገባቸውም።

ከበርሜሉ ሥር የሚወጣው ጭስ የውስጥ ስፋቱ ከቦዩ ስፋት በማያንስ የቆርቆሮ ቱቦ በመደቡ ውስጥ ያልፋል። በውጭ አገር እስከ 6 ሜትር የሚያስኬዱት አሉ፤ እኛ ግን ለእነዚህ ከተሞች ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ እንመክራለን፣ ቱቦው በረዘመ ቁጥር መሳቡ ይደክማልና። መደቡ በቀይ አፈርና በጭድ ይለሰናል። የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አይሆንም፤ ስንጥቅ ባለበት ደግሞ ጋዝ ይወጣል። ቱቦው በሚታጠፍበት ሁሉ ለአመድ ማውጫ የሚሆን ክዳን ያለው ቀዳዳ ይደረጋል። በመጨረሻም ጭስ መውጫው ቀጥ ብሎ ከጣራው ጫፍ ከፍ ብሎ ይወጣል። ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ በሆነበት ቤት ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ በሰፊው ተቆርጦ ቆርቆሮ ይደረግበታል። በርሜሉ ከእንጨትና ጭቃ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ ሕፃናት እንዳይነኩትም አጥር ይበጅለት።

በበርሜሉ ላይ ምጣድ ጥደን እንጀራ ብንጋግርስ የሚሉ ይኖራሉ። ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውና ዳር እስከ ዳር እኩል ሙቀት የሚፈልግ ሲሆን፣ ይህ እሳት ግን መሐሉን ይመታል፤ መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ለእንጀራ ምርጥ ምድጃ ይሻላል። ጀበና ግን በደንብ ይሞቅበታል።

እንጨቱ የሚነድደው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ስለሆነ፣ በእርጥቡ ተፈልጦ ቢያንስ ለሦስት ወር ዝናብ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደርደር። ከአውራ ጣት እስከ ክንድ ውፍረት ያለው ፍልጥ ይበቃል። ማቀጣጠያው ላይ ቤቱ ካጨሰ፣ ጭስ መውጫው ገና አልሞቀም ማለት ነውና፣ በግርጌው ባለው የአመድ ማውጫ ቀዳዳ ጥቂት ደረቅ ቅጠል ይቃጠል። ፌስታልና ላስቲክ ለማቀጣጠያ አይሁን።

ፍም እያለ ጭስ መውጫውን መድፈን ከማንደጃው የማይተናነስ አደጋ አለው፤ ሙቀት እንዳያመልጥ ብለው የሚያደርጉት ስላሉ አጥብቀን እንናገራለን። በርሜሉም ሆነ መደቡ በተሰነጠቀበት ዕለት እስኪለሰን ድረስ እሳት አይነድበት። በኪራይ አንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ሰው ይህን መሥራት እንደማይቻለው እናውቃለን፤ ለእርሱ ያለን ምክር ማንደጃውን ከመተኛቱ በፊት ደጅ እንዲያወጣና መስኮቱን በጥቂቱ ከፍቶ በብርድ ልብስ እንዲተኛ ነው።

በወር አንድ ጊዜ የመደቡ ቱቦ ይጠረግ። የሚወጣው አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ለጓሮ ጎመን መደብ ይጠቅማል፤ በተለይ አሲዳማ በሆነው ቀይ አፈር ላይ በስሱ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ቢቀላቀል መልካም ነው።