የዘሩትን በየማታው አይቆፍሩት

"በ40 ቀኑ ክርስትና አስነሳሁት። ፍልሰታ በመጣ ቁጥር በዚያ ዝናብ አዝዬ እየወሰድኩ አስቆረብኩት። ዛሬ 19 ዓመት ሞላውና የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረግጥ አለ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?"

ይህን በፋሲካ ማግስት ያጫወቱኝ አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው። ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ላይ ነው። ልጅ ሆዬ "እማዬ፣ እኔ መጾሙን ትቻለሁ" አላቸው። ጮሁበት፤ አለቀሱ። "የጎረቤት ልጅ ዲያቆን ሆኗል፣ አንተ ግን..." እያሉ ነዘነዙት። አልሆን ሲላቸው "እንግዲያው ከቤቴ ውጣልኝ!" አሉት። ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ አክስቱ ቤት ገባ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ችግር የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የዛሬም አይደለም። ለእኚህ እናት የነገርኳቸውን ታሪክ ለእናንተም ላጫውታችሁ። አውግስጢኖስን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የክርስቶስን ስም ያስተማረችው እናቱ ሞኒካ ነበረች። ሲጎረምስ ግን የማኒን ትምህርት ተከተለ። እናቱም ተቆጥታ ቤቷ አላስገባም ብላው ነበር። ኋላ ግን መልሳ ከማዕዷ አቀረበችው። እንዲመክርላት የለመነችው ጳጳስ እንኳ ለጊዜው ትተወውና ትጸልይለት ዘንድ ነገራት። አውግስጢኖስ ሚላን ከተማ ውስጥ የተጠመቀው በ32 ዓመቱ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ387 ነው። ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎታል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በሩን አይዝጉ። ከቤት የተባረረ ልጅ ቢጸጸት እንኳ መመለሻው ይጠፋዋል።

ሁለተኛ፣ ከሰው ልጅ ጋር አያወዳድሩት። ለይሉኝታ የሚጾም ልጅ ከእናቱ ዓይን ሲርቅ ያው መግደፉ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ የራስዎን ጾምና ጸሎት አይተዉ። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይይዛል።

ገበሬ ዘርቶ ሲያበቃ በየማታው አፈሩን እየቆፈረ "በቀለ? አልበቀለም?" አይልም። እንዲያ ካደረገ የሚበቅለውንም ያደርቀዋል። ያረማል፣ ይጠብቃል፤ ዝናቡ የላይኛው ነው። እርግጥ ነው፣ የተዘራ ሁሉ ይበቅላል ብሎ ዋስ የሚሆንልዎ ሰው የለም። ቆፍሮ ያበቀለ ግን የለም።

እኚያ እናት አክስቱ ቤት ድረስ ሄደው "ልጄ፣ ና ቤትህ ግባ" አሉት። ገባ። ስለ ጾም ምንም አላነሱበትም። ፍልሰታ ሲገባ እሳቸውን እግራቸውን አሟቸው ተኙ። የ7 ዓመቷ እህቱ "እኔ ልቆርብ ነው፤ አንተ ውሰደኝ" ብላ አስቸገረችው። ጃንጥላ ይዞ ወሰዳት። ወደ ውስጥ ግን አልገባም፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከበሩ ውጪ ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ይህን ለእናቷ የነገረቻቸው ትንሿ ልጅ ናት።

"ታዲያ ምን አሉት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ምንም" አሉኝ። "ብርድ መትቶት ነበር፣ ቡና አፈላሁለት።"