የማሪዮ ካርት ጎማዎች፦ የትኛው ለየትኛው አሽከርካሪ?

«ማሪዮ ካርት 8» በተባለው የመኪና ውድድር የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቹ ወደ መስመሩ ከመግባቱ በፊት አራት ነገሮችን ይመርጣል፦ አሽከርካሪውን፣ የተሽከርካሪውን አካል፣ ጎማውንና በአየር ላይ የሚንሳፈፍበትን ክንፍ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2014 ለዊ ዩ፣ በ2017 ደግሞ «ደሉክስ» በሚል ስም ለስዊች አውጥቶታል። ክፍሎችን እየመረጡ መገጣጠም የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ፣ በ2011 በወጣው «ማሪዮ ካርት 7» ነው። ጀማሪ ጎማውን በመልኩ ይመርጣል፤ ጎማው ግን ጌጥ ሳይሆን የአሽከርካሪውን ጉድለት መሙያ ነው።

እያንዳንዱ ምርጫ በአምስት መለኪያዎች ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እነሱም ከፍተኛ ፍጥነት፣ ፈጥኖ መነሳት፣ ክብደት፣ ለመሪ መታዘዝና መሬት መቆንጠጥ ናቸው። መነሻው የአሽከርካሪው ክብደት ነው። እንደ ባውዘር ያሉት ከባዶች ከፍተኛ ፍጥነት አላቸው፤ ሲጋጩም ቀላሉን ተወዳዳሪ ገፍተው ከመስመሩ ያስወጣሉ። ተመትተው ከቆሙ ግን ፍጥነታቸውን መልሰው እስኪያገኙ ይዘገያሉ፤ ኩርባም ላይ ይከብዳሉ። ሕፃኑ ማሪዮና መሰሎቹ በተቃራኒው ወዲያው ይነሳሉ፣ በቀላሉም ይታጠፋሉ፤ ረጅምና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን ይቀደማሉ። ማሪዮና ሉዊጂ በሁለቱ መካከል ናቸው።

መደበኛው ጎማ ወደ የትኛውም ወገን ብዙ አያጋድልም። ስሊክ የተባለው ልሙጥ ጎማ ፍጥነት ይጨምራል፤ በምትኩ መሬት መቆንጠጥንና ፈጥኖ መነሳትን ክፉኛ ይቀንሳል። ስለዚህ እንደ ሸርበት ላንድ ባለ በረዷማ መስመር ላይ ለማያውቀው ሰው አደገኛ ነው። ግዙፉ ሞንስተር መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ መሪው ግን ይገግማል። ስሊም ፍጥነትንና ለመሪ መታዘዝን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ትንሿ ሮለር ናት። በስክሪኑ ላይ ፍጥነት እንደምትቀንስ ስለሚታይ ብዙ ጀማሪ ይንቃታል። ነገር ግን ጨዋታው ለተጫዋቹ የማያሳየው ሌላ መለኪያ አለ። አሽከርካሪው ኩርባ ላይ እየተንሸራተተ ሲዞር ከጎማው ሥር ብልጭታ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ በደሉክስ ደግሞ በመጨረሻ ሐምራዊ። መንሸራተቱን ሲለቅ ሚኒ ተርቦ የተባለ የፍጥነት ግፊት ያገኛል። የማይታየው መለኪያ የሚመለከተው ይህንን ግፊት ነው፤ ሮለር ግፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ታደርጋለች። ኩርባ በበዛበት መስመር ላይ በእያንዳንዱ መታጠፊያ የሚገኘው ትርፍ ሲደማመር የጠፋውን ፍጥነት ከነወለዱ ይመልሳል። በኢንተርኔት የሚፎካከሩ ብርቱ ተጫዋቾች ከባዱን ዋሉዊጂን ዊግለር ከተባለው ተሽከርካሪና ከሮለር ጋር ለዓመታት ያጣመሩት በዚህ ምክንያት ነው፦ ፍጥነቱን ከአሽከርካሪው፣ ፈጥኖ መነሳቱንና ሚኒ ተርቦውን ከጎማው ያገኛሉ። ባውዘርን በስሊክ ላይ ማስቀመጥ ግን ባለው ፍጥነት ላይ ፍጥነት መከመር ነው፤ አንድ ጊዜ የተመታ ዕለት ጉድለቱም እጥፍ ይሆናል።

ምርጫው የሚወሰነው መቆጣጠሪያውን በያዘው ሰው ጭምር ነው። መንሸራተትን ገና ያልለመደ ልጅ ከሮለር ዋናውን ጥቅም አያገኝም፤ ቢሆንም በተመታ ቁጥር ቶሎ መነሳቱ ከውድድሩ እንዳይርቅ ይረዳዋል። ደጋግሞ ከመንገድ ለሚወጣ ሰው፣ በተለይ እንደ ድራይ ድራይ ዴዘርት ባለ አሸዋማ መስመር፣ ኦፍ ሮድ የተባለው ጎማ ይሻለዋል። በ2015 በተጨመረው ባለ 200 ሲሲ ውድድር ፍጥነቱ እጅግ ስለሚበዛ ፍሬን መያዝ ግድ ነው፤ እዚያ ከተጨማሪ ፍጥነት ይልቅ ለመሪ የሚታዘዝ ጎማ ይጠቅማል። ብቻውን ከሰዓት ጋር ለሚሽቀዳደም ሰው ደግሞ የሚገፋውም የሚመታውም ስለሌለ፣ ጎማው ለግጭት የሚጨምረው ክብደት ከሂሳቡ ሊወጣ ይችላል።