700 ኪሎ ሜትር፦ የአዲስ አበባና የአስመራ የአየር ጉዞ ሲያጥርና ሲረዝም

ከቦሌ እስከ አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ወደ ሰሜን ቀጥ ይላል፤ ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደጋ ላይ ናቸው። ለጄት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ አቦል ተቀድቶ በረካው እስኪደርስ ማለት ነው። ርቀቱ ያው ነው። ጉዞው የሚወስደው ጊዜ ግን ባለፉት 80 ዓመታት ብዙ ተለዋውጧል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በመንገዱ ያረፈው አስመራ ነበር። ኤርትራ ያኔ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ባለ ፕሮፔለር ዳኮታ ይህ መንገድ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ የጄት ዘመንን ጀመረ፤ ጉዞም በየመስመሩ እያጠረ ሄደ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን የአገር ውስጥ የነበረው በረራ ዓለም አቀፍ ሆነ። የበረራው ሰዓት ግን አልረዘመም።

ያረዘመው በ1990 ዓ.ም. የተነሣው የሁለቱ አገሮች ጦርነት ነው። ቀጥታ በረራው ተቋረጠ፤ ስልኩም ተዘጋ። ለ20 ዓመት መንገደኛው በሦስተኛ አገር መዞር ግድ ሆነበት። በዱባይ የሄደ ሰው 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ከቀጥታው 6 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ የቪዛው ጣጣ፣ የትራንዚቱ ጥበቃ፣ የቲኬቱ ዋጋ አለ። አውሮፕላኖቹ ከቀድሞው እየፈጠኑ፣ ጉዞው ከዳኮታው ዘመን የባሰ ረዘመ።

ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ቀጥታ በረራው እንደገና ተከፈተ። ፈላጊው ስለበዛ በዚያ ጠዋት ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ ተነሣ። ተሳፋሪው ጽጌረዳ ታደለው፤ በመቀመጫዎቹ መካከል እየዘፈነ ጨፈረ። በዚያው ወር መጨረሻ የኤርትራ አየር መንገድም አዲስ አበባ አረፈ። 20 ዓመት የተራራቀ ቤተሰብ በአንድ ሰዓት ተገናኘ።

ይህ 6 ዓመት ቆየ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲያበቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአቅሙ በላይ በሆነ የሥራ ሁኔታ የአስመራ በረራውን ማቋረጡን አስታወቀ። መንገደኛውም ወደ ዙሪያ ጥምጥሙ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ጊዜን የሚወስነው ሞተር ሳይሆን የመንግሥታቱ ግንኙነት ነው። ሁለቱ ሲኳረፉ አስቀድሞ የሚዘጋው የሕዝቡ መንገድ ነው፤ መዘጋቱ ግድ ከሆነም መጨረሻ መሆን ነበረበት። እናቱ አስመራ ያረፈችበትን የአዲስ አበባ ሰው አስቡት። ቀብር በእኛ ዘንድ ብዙ አይቆይም። ቀጥታ በረራ ካለ አፈሯ ሳይመለስ ይደርሳል። በዱባይ ዞሮ የሚሄድ ግን ቢፈጥን ለሠልስት ነው የሚደርሰው።