ውሻ በብርዱ ወራት በቀን መውጣት ለምን ያስፈልገዋል?

በታኅሣሥ ወር በሎስ አንጀለስ ፀሐይ የምትጠልቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከተማዋ ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው የፌርፋክስ ጎዳና ሠፈር የምግብ ቤቶቹ መብራት በዚያ ሰዓት በርቷል። ከሥራ የተመለሰ ሰው የአፓርታማውን በር ሲከፍት ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን የዋለ ውሻ ይቀበለዋል። በጨለማ በችኮላ አንድ ዙር ተሂዶ፣ ውሻው ሽንቱን ሸንቶ ይመለሳል። ይህ ለፊኛው ይበቃል፤ ለአእምሮው ግን አይበቃም።

ፈረንጆቹ ክረምት የሚሉት ይህ ወቅት በሎስ አንጀለስ ቀዝቃዛ የሚባል አይደለም። ቀን ቀን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። የሚጎድለው ብርሃን ነው። በሰኔ ከ14 ሰዓት በላይ የነበረው የቀን ርዝመት በታኅሣሥ 10 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በአዲስ አበባ ግን በዚያው ወር ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። በኅዳር መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ምሽቱ በአንድ ጊዜ በ60 ደቂቃ ይፈጥናል። ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ውሻው የሚያየው በብርሃን ይወጣ የነበረበት ሰዓት መጥፋቱን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የግቢ ውሻ ይህ ችግር የለበትም። ሌሊት ሲጠብቅ፣ ሲጮኽ ያድርና ረፋዱ ላይ ደረቅ ቦታ መርጦ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ኑሮው የተንደላቀቀ ነው ባይባልም መቼ ወጥቶ የት እንደሚተኛ የሚወስነው ራሱ ነው። የአፓርታማ ውሻ ምግቡም ክትባቱም የተሟላለት ሆኖ ሳለ ይህ ነፃነት የለውም። ብርሃንም፣ ሽታም፣ እንቅስቃሴም የሚደርሰው በገመዱ ጫፍ ያለው ሰው ሲፈቅድ ነው።

ብርሃን በውሻ አካል ላይ የሚሠራው በዓይን በኩል ነው። እንደ ሰው ሁሉ በውሻ ሬቲና ውስጥ ከማየት የተለየ ሥራ ያላቸው ሴሎች አሉ፤ የብርሃኑን መጠን ሃይፖታላመስ ለተባለው የአንጎል ክፍል ያሳውቃሉ። በዚያ ያለው የሰውነት ሰዓት እንቅልፍን፣ ንቃትንና ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ያስተካክላል። የቤት አምፖል የሚሰጠው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ አይበልጥም። ከቤት ውጭ ግን ሰማዩ ደመና ለብሶ እንኳ ብርሃኑ በሺዎች በሚቆጠር ሉክስ ይለካል። ስለዚህ «ዛሬ ፀሐይ የለም» ብሎ መቅረት ስሌቱን መሳት ነው።

ብዙ ሰው ውሻውን ፀሐይ የሚያስሞቀው ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ ነው ብሎ ያስባል። የውሻ ቆዳ ግን ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ ማምረት አይችልም፤ የሚያገኘው ከምግቡ ነው። በሰዎች ላይ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ የገለጹት ወቅታዊ ድብርትም በውሾች ላይ መኖሩ አልተረጋገጠም። ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራና ያለ ጓደኛ የሚውል ውሻ እንደሚጨነቅ ግን የእንስሳት ሐኪሞች ዘወትር የሚያዩት ነገር ነው።

ከብርሃን ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ማነፍነፍ ነው። የሰው አፍንጫ 6 ሚሊዮን ገደማ ሽታ ተቀባይ ሴሎች ሲኖሩት በብዙ የውሻ ዝርያዎች ቁጥሩ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣል። ሻርሎት ዱራንቶንና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አንዱ የውሾች ቡድን ለሁለት ሳምንት የተደበቀ ምግብ በአፍንጫው ሲፈልግ፣ ሌላው ከባለቤቱ እግር ሳይለይ መራመድን ተለማመደ። ከዚያ ምግብ ይኑርበት አይኑርበት በማያስታውቅ ቦታ ሳህን ተቀመጠላቸው። ሲያነፈንፉ የሰነበቱት ከቀድሞው ፈጥነው ወደ ሳህኑ ሄዱ፤ በሌሎቹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ተመራማሪዎቹ ይህን የተሻለ ተስፋ ምልክት አድርገው ወስደውታል።

እርግጥ አፍንጫ ብርሃን አይፈልግም። በጨለማ የሚቸኩለው ሰውየው ነው፤ ውሻው ዛፍ ሥር ሲቆም ገመዱን ይጎትታል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ኮዮቲ የተባለው ተኩላ መሰል አውሬ በይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ሲመሽና ሲነጋ በመሆኑ የትንንሽ ውሾች ባለቤቶች መቸኮላቸው አይፈረድባቸውም። ውሻውን ያለ ጥድፊያ ማስነፍነፍ የሚቻለው እንግዲህ በቀን ነው።

የጎደለው ነገር በባሕርይው ይገለጣል። ጫማ ያኝካል፣ በር ይቧጥጣል፣ ሰው ሲወጣ ያላዝናል፤ ወይም በተቃራኒው ከተኛበት አልነሣም ይላል። ብዙዎች ይህን እንደ ብልግና ቆጥረው ይቀጣሉ። ቅጣቱ ጭንቀቱን ያብሳል፤ ጎረቤት ይከሳል፤ አከራይ ያስጠነቅቃል። በአሜሪካ ወደ እንስሳት መጠለያ ከሚሰጡ ውሾች መካከል ጥቂት የማይባሉት እዚያ የሚደርሱት እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ማን ያውጣው? ከሥራ ቦታ መመለስ ለማይችል ሰው መልሱ አንዳንዴ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ልጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ከውሻው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻቸውን ይውላሉ። ውሻን የሚያውቁት በዘበኝነቱ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የሚገድልባት አገር ሰዎች ናቸውና ፍርሃታቸው መሠረት አለው። በካሊፎርኒያ ውሻ ፀረ እብደት ክትባት እንዲወስድ ሕግ እንደሚያስገድድ፣ የቤቱም ውሻ መከተቡን በማስረጃ ማሳየት ለብዙ አዛውንት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የቀን ብርሃን ለእርሳቸውም ይጠቅማል፤ የሰው ቆዳ እንደ ውሻው አይደለምና ቫይታሚን ዲም ያመርታል። ገመድ የሚጎትት ትልቅ ውሻ ግን ሊጥላቸው ስለሚችል ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ጎረቤት ወይም ተከፋይ አውጪ መፈለግ ይሻላል።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ውሻው እየመራ፣ ሲቆም እየቆሙ መሄድ ጥሩ መነሻ ነው። የከተማዋ ሕግ ገመዱ ከ6 ጫማ እንዳይበልጥ ያዛል። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ፌርፋክስን በሚያቋርጡት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጉ ጎዳናዎች ላይ ፀሐይ የሚያገኘው የሰሜኑ የእግረኛ መንገድ ነው። በምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ሲያልፉ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ወጥ የነካው እንጀራ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ነገሩ ይከብዳል። በስቶክሆልም የታኅሣሥ ቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ከእኩለ ቀኑ ሌላ የሚመረጥ ሰዓት የለም። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው መዳፉን ስለሚያቃጥልና ውሻውም ስለሚልሰው ቤት እንደገቡ በለብታ ውሃ ማጠብ ይገባል።

ውሻው ከምግቡ ከተቆጠበ፣ ደረጃ መውጣት ካስቸገረው ወይም በስተርጅናው ሌሊት እየተንከራተተ ቀን መተኛት ከጀመረ ግን በወቅቱ ማሳበብ አይገባም። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የታይሮይድ ጉድለትና የእርጅና የመርሳት ችግር ሁሉ ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ ቀድሞ ሊያየው የሚገባው የእንስሳት ሐኪም ነው።