ካራቴና የጠባይ ግንባታ፦ ከኦኪናዋ ደሴት እስከ ራያ ቆላ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ ጎብየንና ሮቢትን አልፎ ኮቦ ሲደርስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ሰፊ ሜዳ ያገኛል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፤ ሜዳው በማሽላ ተሸፍኗል። ከመንደር ወደ ገበያ የሚመላለሰውን ጎልማሳ ያስተዋለ ደግሞ ከእጁ የማይለይ አንድ ነገር ያያል፤ ይኸውም ዱላው ነው። ዱላ ለራያ ሰው የከብት መንጃ፣ የመንገድ መመርኮዣ፣ የጭፈራም ጌጥ ነው። ጠብ ሲነሣ ግን ያው ዱላ መሣሪያ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይጀምራል፦ ጠብ ሲጫር ዱላው ከትከሻ ሳይወርድ እንዲቆይ የሚያደርገው ምንድን ነው? የጉልበት ማነስ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ጉልበትም ዱላም እያለው ራሱን የሚገዛ ሰው ከሌላው የሚለየው በጠባዩ ነው።

ይኸው ጥያቄ በካራቴ መለማመጃ አዳራሽም ይነሣል። ካራቴ የሚማር ወጣት በየዕለቱ የሚለማመደው መምታትንና መመከትን ነው። ታዲያ መምታትን የሚለማመድ ሰው እንዴት ታጋሽ ሊሆን ይችላል? አሠልጣኞች ካራቴ ትዕግሥትን፣ አክብሮትንና ራስን መግዛትን ያስተምራል ይላሉ። ወላጆች ደግሞ ልጃችን ተደባዳቢ እንዳይሆንብን ብለው ይሰጋሉ። ሁለቱም ወገኖች በከፊል እውነት እንዳላቸው በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

የባዶ እጅ መንገድ

በከተሞቻችን ቪዲዮ ቤቶች በተስፋፉበት ዘመን ብዙዎቻችን ካራቴን የተዋወቅነው በፊልም አማካይነት ነው። በዚህም የተነሣ የቻይናውን ኩንግ ፉ፣ የኮሪያውን ቴኳንዶና የጃፓኑን ካራቴ ሁሉ በጅምላ «ካራቴ» ብሎ መጥራት የተለመደ ሆነ። ካራቴ ግን የራሱ የትውልድ ስፍራ አለው፤ እርሱም ዛሬ የጃፓን አካል የሆነችው የኦኪናዋ ደሴት ናት። «ካራ» ባዶ፣ «ቴ» ደግሞ እጅ ማለት ሲሆን፣ «ዶ» የሚለው ተጨማሪ ቃል መንገድ የሚል ፍች አለው። ስለዚህ ካራቴ ዶ «የባዶ እጅ መንገድ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

ለተማሪዎች ትኩረት የሚስበው ነገር ካራቴ ወደ አደባባይ የወጣው በጦር ሰፈር ሳይሆን በትምህርት ቤት በኩል መሆኑ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አንኮ ኢቶሱ የተባሉ የኦኪናዋ መምህር ካራቴን በትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዲሆን አደረጉ። በ1908 እ.ኤ.አ. በጻፉት ደብዳቤም የካራቴ ዓላማ በግል ጠብ ሌላውን መጉዳት አለመሆኑን አስረድተዋል። የእርሳቸው ተማሪ የነበሩትና ራሳቸውም በመምህርነት ያገለገሉት ጊቺን ፉናኮሺ (1868–1957 እ.ኤ.አ.) በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን በቶኪዮ ለሕዝብ አሳዩ። ፉናኮሺ ለተማሪዎቻቸው ካስተላለፏቸው መመሪያዎች ይበልጥ የሚታወቀው፣ የካራቴ ሰው ቀድሞ እንደማይመታ የሚያስገነዝበው ነው። ካራቴ በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለወንዶችም ለሴቶችም የውድድር ዓይነት ሆኖ ታይቷል፤ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ግን አልተካተተም።

ምት የሚቆምበት ነጥብ

አሁን ወደ ፊዚክስ እንለፍ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የነበሩት ማይክል ፌልድና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የካራቴ ምትን በፈጣን ፎቶግራፍ አጥንተው፣ የሠለጠነ ሰው እጅ በሰከንድ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ፍጥነት እንደሚደርስ አሳይተዋል። የሚንቀሳቀሰው እጅ መጠነ ቁስ 0.7 ኪሎ ግራም ነው ብለን እናስላ። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ግማሽ ሲባዛ በ0.7 ሲባዛ በ10 ካሬ፣ ማለትም 35 ጁል ይሆናል። ይህ እጅ አንድ አካል ላይ አርፎ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ አማካይ ኃይሉ 3,500 ኒውተን፣ ማለትም የ350 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ነው። አጥንት ሊሰበር የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሥርዓት የሚሰጥ የካራቴ ትምህርት ግን ተማሪው ምቱን ከጓደኛው አካል ጥቂት ቀድሞ እንዲያቆመው ያስገድደዋል። ተማሪው ያንኑ እጅ በገዛ ጡንቻው በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ለማቆም 350 ኒውተን ያህል ተቃራኒ ኃይል ማመንጨት አለበት። የማቆሚያው ጊዜ ሲሰላ ደግሞ 0.02 ሰከንድ ብቻ ነው። የሰው ልጅ አንድን ነገር አይቶ ምላሽ ለመስጠት 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። አንባቢ ልብ ይበል! ምቱ ወደ ዒላማው ከተጠጋ በኋላ «ላቁመው» ብሎ መወሰን አይቻልም፤ ጊዜው አይበቃምና። የሚቆመው ምት እንዲቆም አስቀድሞ የተወሰነበት ምት ብቻ ነው። ይህንን ውሳኔ አስተማማኝ የሚያደርገው በሺህ የሚቆጠር ድግግሞሽ ነው።

ቁጣና አንጎል

የቁጣም ነገር ከዚህ እምብዛም አይለይም። አንድ ሰው ሲሰደብ ወይም ሲገፋ፣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል የአደጋ ምልክት ያስተላልፋል። አድሬናሊን በደም ውስጥ ይሰራጫል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ነገሩን መርምሮ «ተው» የሚለው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚጎለምሰው ዕድሜ ወደ 25 ሲጠጋ ነው። በመሆኑም የሁለተኛ ደረጃም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉልበቱ ከልጓሙ ቀድሞ የደረሰበት የዕድሜ ክልል ውስጥ ይገኛል።

የካራቴ ልምምድ በዚህ ላይ በሁለት መንገድ ሊረዳ ይችላል። የመጀመሪያው አተነፋፈስ ነው። በዝግታና በጥልቀት መተንፈስ፣ በተለይም ትንፋሽን አርዝሞ ማስወጣት፣ በቫገስ ነርቭ አማካይነት የልብን ምት ያረጋጋል። ሁለተኛው ልማድ ነው። «ካታ» የሚባለውን የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ደጋግሞ መሥራት፣ ግጥሚያውን እጅ በመንሣት መጀመርና መጨረስ፣ ተመትቶም ሳይቆጡ መቀጠል ሰውነት ያለ ክርክር የሚፈጽማቸው ልማዶች ይሆናሉ። ሰው በተቆጣ ጊዜ የሚያገለግለው በዚያች ቅጽበት የሚፈልሰፈው ጥበብ ሳይሆን ቀድሞ የገነባው ልማድ ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እስካሁን ያልነው መላ ምት ነው፤ ሳይንስ ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል። በ1986 እ.ኤ.አ. ማይክል ትሩልሰን የተባሉ ተመራማሪ ያወጡት ጥናት በዚህ ረገድ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ተመራማሪው የጥፋት ዝንባሌ ያላቸውን 34 ወጣቶች በ3 ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነሥነ ምግባሩ፣ ከነአክብሮቱና ከነጽሞናው ተማረ። ሁለተኛው የድብድብ ስልቱን ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ሩጫና ቅርጫት ኳስ የመሰሉ እንቅስቃሴዎችን አደረገ። ከ6 ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ጠበኝነት ሲቀንስ፣ ስልቱን ብቻ የተማረው ቡድን የጥፋት ዝንባሌ ባሰበት። ምቱና ርግጫው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተለያየ ማለት ነው። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ግን ድምዳሜው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢንገር ኤንድረሰንና ዳን ኦልቬውስ በኖርዌይ ወንድ ልጆች ላይ ያወጡት ጥናት፣ ቦክስን፣ ትግልን፣ ክብደት ማንሣትንና የምሥራቁን ዓለም የፍልሚያ ስፖርቶች የሚያዘወትሩ ልጆች ፀረ ማኅበራዊ ጠባያቸው መጨመሩን አመልክቷል። ከዚህም ሌላ አንድ ወጥመድ አለ። የጥቁር ቀበቶ ባለቤቶች ረጋ ያሉ ሆነው ቢገኙ፣ ካራቴው አረጋጋቸው ወይስ ቀድሞውንም ረጋ ያሉት ብቻ ለዓመታት ጸንተው ቀሩ? ይህንን ሳይለዩ ካራቴን ማመስገን ሳይንሳዊ አይደለም። ከማስረጃዎቹ በልበ ሙሉነት የምንወስደው ነገር ቢኖር፣ ጠባይን የሚገነባው ርግጫው ብቻ ሳይሆን ርግጫው የሚሰጥበት ሥርዓት መሆኑን ነው።

የራያ ሽማግሌዎችና የሚቆመው ምት

ራስን መግዛት ከጃፓን በመርከብ ተጭኖ የመጣልን ዕውቀት አይደለም። በራያ ቆቦ «ዘወልድ» በሚል ስም የሚታወቅ የሽማግሌዎች የዕርቅ ሥርዓት አለ። ነፍስ ጠፍቶ ደም መመላለስ ሲያሰጋ፣ ሽማግሌዎች በተበዳይና በበዳይ ወገን መካከል ገብተው በቀሉን ያስቆማሉ፤ ዕርቅ ያወርዳሉ። በዚህ ሥርዓት የሚያሳፍረው መታገሥ ሳይሆን የሽማግሌን ቃል መርገጥ ነው። እዚህም ላይ ከፊዚክሱ የተማርነው ነገር ይደገማል። ሽማግሌዎቹ ቁጣው በነደደ ጊዜ ሊሰሙ የሚችሉት፣ መከበራቸው ከቁጣው በፊት ለትውልዶች ስለተገነባ ነው።

ነገሩ ለኮቦ ወጣት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በከተማይቱና በአካባቢዋ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ሞትንና ስደትን በልጅነቱ ያየ ትውልድ አድጎ በክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ካራቴ የዚህ ዓይነቱን የልብ ቁስል ይፈውሳል ብለን አንሰብክም፤ ለዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ቤተሰብና ሰላም ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ጉልበትን ከመጉዳት ጋር ብቻ አያይዞ ያወቀ ወጣት፣ ጉልበት በሥርዓት ሊያዝ እንደሚችል የሚያይበት ስፍራ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአዳራሹ ወደ ዕለት ኑሮ

በአዳራሽ ውስጥ የተገኘ ትዕግሥት በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ቤት አይሄድም፤ ሊወሰድ ይገባዋል። የጎርፍ ውኃ ወደ ማሳ በሚጠለፍበት ሰሞን የውኃ አባቱ የሰጠው ተራ ሲጣስ፣ በውኃ መቅጃ ሰልፍ ጀሪካን ሲገፋ፣ በፈተና ማግስት ጓደኛ ሲያፌዝ፣ ፈተናው ያን ጊዜ ነው። ተማሪው አንድ ረጅም ትንፋሽ አስወጥቶ ከመለሰ ሥልጠናው ሠርቷል። እንደ ፊልሙ ከዘለለ ግን የተማረው ግማሹን ብቻ ነው።

ስለዚህ ካራቴ ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ከቀበቶው ቀለም ይልቅ አሠልጣኙን ይመርምር። አሠልጣኙ ጀማሪውን ያከብራልን? ልጃገረዶችን እኩል ያስተምራልን? ከአዳራሽ ውጭ የተደባደበን ተማሪ ይገሥጻልን ወይስ ያሞግሳል? የራስ ቅል ምትን ይከላከላልን? በኮቦ ሙቀት ውስጥ ልምምዱን በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አድርጎ ውኃ መጠጫ ዕረፍት ይሰጣልን? መልሱ መልካም ከሆነ ይግባ፤ ካልሆነ ይተወው። አዳራሽ በሌለበት ስፍራም የአገራችን ትግል፣ ገናና ሩጫ በሥርዓት ከተያዙ ያንኑ ትምህርት ሊሰጡ ይችላሉ።

ውድ አንባብያን፣ በራያ ሜዳ ዱላውን በትከሻው አድርጎ ስድብን አልፎ የሚሄድ ጎልማሳ ስታዩ ፈሪ ነው አትበሉ። 0.02 ሰከንድ ለማሰብ አይበቃም፤ እርሱ ግን ውሳኔውን ጨርሶ የወጣው ገና ከቤቱ ነው።